ሞክሼዎቼ

«ሙሄ፣ ብሩ ገባልህ?»

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም ነበር። ሱቄን ቆልፌ ከደሴ ፒያሳ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። የደወሉልኝን ሴትዮ ድምፅ አላውቀውም። ግን የእናት ድምፅ ነው። እናት ልጇን ስትጠራ ብቻ የሚወጣ ድምፅ አለ አይደል? እሱ ነው።

«የምን ብር እማማ?» አልኩ።

«የላክሁልህ ነዋ! የቤት ኪራይህን! አልደረሰህም እንዴ?»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ መልእክቱን አየሁ። እውነትም 1,500 ብር በቴሌብር ገብቷል።

«እማማ፣ ሳይሳሳቱ አልቀሩም። እኔ ልጅዎ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነህ አንተ?»

«ሙሐመድ አሊ ነኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «እሱንማ አውቃለሁ! ሙሐመድ አሊን አይደል የምጠራው? ድምፅህ ምን ሆኖ ነው? ጉንፋን ያዘህ?» አሉኝ።

እስክንግባባ ጊዜ ወሰደ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት አገልግሎት የምትሰጥ ትንሽ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። እማማ ከወራት በፊት ማመልከቻ አስጽፈው ሂሳቡን በስልክ ከፍለውኝ ነበር። የዚያን ዕለት ቁጥሬ «ሙሐመድ አሊ» ተብሎ ስልካቸው ላይ ተቀመጠ። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸውም «ሙሐመድ አሊ» ተብሎ ተቀምጧል። ብሩን የሚልክላቸው የጎረቤት ልጅ ከሁለቱ አንዱን ነካ። ስሙን አነበበላቸው። «አዎ እሱ ነው» አሉ። በቃ።

ብሩን ወዲያው መለስኩላቸው። ሲመርቁኝ ቆዩና በመጨረሻ፣ «የልጄ ሞክሼ ነህና ልጄ ነህ» ብለው ዘጉ። ይህቺ ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ።

ሞክሼ ደስ የምትል ቃል ናት። ስምህን የሚጋራ ሰው ስታገኝ በስሙ አትጠራውም። በስሙ ብትጠራው ራስህን የጠራህ ይመስልሃል። «ሞክሼ!» ትለዋለህ። እሱም «ሞክሼ!» ይልሃል። ያን ጊዜ ዘመድ ባትሆኑም የሆነ ነገር ትሆናላችሁ። ሻይ ቤት ውስጥ ሂሳብ የሚከፍልልህ ሞክሼ ይኖራል። ታክሲ ውስጥ ቦታ የሚለቅልህም አለ። እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግኩ ሙሐመድ አሊ ስለሆንኩ ሞክሼ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ወሎ ውስጥ ገበያ መሃል ቆመህ «ሙሐመድ አሊ!» ብለህ ብትጣራ ስንት ሰው ዞር እንደሚል የሚያውቅ ያውቀዋል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሦስት ሙሐመድ አሊዎች ነበርን። መምህራችን ስም ሲጠሩ ሦስታችንም «አቤት!» እንላለን። የአያት ስም ጨምረው ሊለዩን ሞከሩ። የሁለታችን አያት ደግሞ ሙሐመድ ሆኖ ተገኘ። የልጅ ልጅ በአያቱ ስም መጠራቱ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ሙሐመድ አሊ ሙሐመድ። ወደ ኋላ ብትቆጥረውም ወደ ፊት ብትቆጥረውም ያው ነው። መምህራችን ተስፋ ቆረጡና አንዱን «ረጅሙ»፣ አንዱን «የሮቢቱ»፣ እኔን «ፍንጭቱ» ብለው ገላገሉን። እስካሁን ድረስ የዚያን ጊዜ ጓደኞቼ ፍንጭቱ ነው የሚሉኝ።

በኋላ ታሪክ ማንበብ ስወድ ነገሥታቱም እንደኛው መሆናቸው ገባኝ። 17 ዓመት በማይሞላ ልዩነት ሁለት ካሳዎች ኢትዮጵያ ላይ ነግሠዋል። የኃይሉ ልጅ ካሳ ቴዎድሮስ ተባለ። የምርጫ ልጅ ካሳ ዮሐንስ ተባለ። ሕዝቡ ደግሞ አባ ታጠቅ እና አባ በዝብዝ እያለ በፈረሳቸው ስም ይለያቸዋል። የየጁዎቹ ራስ አሊዎችም ሁለት ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የየጁን አገዛዝ የመሠረተው አሊ ጓንጉል ትልቁ አሊ ነው። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሳ ኃይሉ የተሸነፈው አሊ አሉላ ደግሞ ትንሹ አሊ። ትልቁ፣ ትንሹ። መምህራችን ከዚህ የተሻለ ምን ያድርጉ?

በሥራዬ ላይ ያለው ችግር ግን ከዚህ ይብሳል። ሰዎቹ ሞክሼ ከመሆናቸው በላይ ፊደሎቹም ሞክሼ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ። አ እና ዐ። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ መጡ። ሰነዶቻቸውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በጋቢያቸው ውስጥ ይዘውታል። ዝናብ እንዳይነካው ነው። አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጓቸው። የመሬት ደብተሩ ላይ «መሐመድ ዓሊ» ይላል። የቀበሌ መታወቂያው «ሙሀመድ አሊ»። የልጃቸው የትምህርት ማስረጃ «ሞሐመድ አሊ»። አንድ አሮጌ ደረሰኝ ላይ ደግሞ «መሃመድ አሌ»። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም። አራቱንም እያመለከቱ፣ «ይሄም እኔ ነኝ፣ ይሄም እኔ ነኝ» ይሉኛል። በዚህች ቤት ውስጥ ትክክለኛ የሆነ ነገር ቢኖር ይሄ ንግግራቸው ነበር። ግን ማመልከቻ ተጽፎ፣ ምስክር ተቆጥሮ፣ አራቱ አንድ ሰው መሆናቸው መረጋገጥ ነበረበት።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ስሜን የተሸከሙ ትልልቅ ሰዎችን አንድ በአንድ ማሰብ የጀመርኩት። ሳስባቸው ደግሞ እርስ በርስ የማይተዋወቁት እነዚህ ሰዎች የሚነካኩበት ቦታ አገኘሁ። ቦታው እዚሁ ጓሯችን ነው። ቦሩ ሜዳ።

ከግብፅ ልጀምር። ሙሐመድ አሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1769 ዛሬ ግሪክ ውስጥ ባለችው ካቫላ ተወለደ። ከኦቶማን ጦር ጋር ወደ ግብፅ መጣ። በ1805 ገዥ ሆነ። በ1811 ቀድሞ ግብፅን ይገዙ የነበሩትን ማምሉኮች ግብዣ ጠርቶ ካይሮ ምሽግ ውስጥ አስፈጃቸው። ከዚያ ሱዳንን ያዘ። ካይሮ የሄደ ሰው ከተማዋ አናት ላይ የሚያየው ትልቁ መስጊድ የእሱ ነው። በስሙ የተጠራው ሥርወ መንግሥት እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ቆይቷል። ሞክሼዬ ቢሆንም ልቤ አይቀርበውም። ግብዣ ጠርቶ እንግዳ የሚያስገድልን ሰው ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው እንዴት ይውደደው?

የእሱ የልጅ ልጅ የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ነው። እስማኤል ምፅዋን ያዘ። ሐረርን ያዘ። ከዚያ በ1868 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ በሰሜን በኩል ጦር ላከብን። መጀመሪያ ጉንደት፣ ቀጥሎ ጉራ። አጼ ዮሐንስ ሁለቱንም አሸነፉ። ግን ያ ጦርነት በንጉሠ ነገሥቱ ልብ ውስጥ ጥሎት የሄደ ስጋት ነበር። ግብፅ እንደገና ብትመጣ የወሎ ሙስሊም ባላባቶች ከማን ጋር ይቆማሉ? ቀጥሎ ለመጣው ነገር የታሪክ ጸሐፊዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።

የመጣው በ1870 ዓ.ም. ነው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ዛሬ በመኪና ትንሽ ነው። ክረምት ሲወጣ አረንጓዴው ዓይን ይሞላል። ጉባኤው የተጠራው በዋናነት የክርስትናውን የሃይማኖት ክርክር ለመጨረስ ነበር። አጼ ዮሐንስ ነበሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ከዚያ ጋር ተያይዞ በወሎ ሙስሊም ሹማምንት ላይ ውሳኔ መጣ። ሹመታችሁን ከፈለጋችሁ ተጠመቁ።

ከእነዚያ ሹማምንት አንዱ ወሎ ውስጥ የወረ ሂማኖ ግዛት ኢማም ነበር። ዕድሜው 28 ገደማ። ስሙ ሙሐመድ አሊ።

እዚህ ጋ ሁሌ ቆም እላለሁ። እሱ ኢማም ነው። የአባቶቹ ማዕረግ ነው። ስሙ የነቢዩ ስም ነው። አባቱ ኢማም አሊ አባ ቡላ ይባላል። እንግዲህ እዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ምን አሰበ? የወሎ ሰው ይህንን ሲያወራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አገሩን ሊያተርፍ ነው» ይላል። አንዱ «ሥልጣኑን ሊያተርፍ ነው» ይላል። እኔ ከሁለቱ አንዱን መርጬ የምከራከርበት አንጀት የለኝም። ተጠመቀ። ክርስትና አባቱ ራሳቸው አጼ ዮሐንስ ሆኑ። ስሙ ሚካኤል ተባለ። ኢማምነቱ ቀርቶ ራስ ሆነ። ተቀናቃኙ አባ ዋጠውም ተጠመቀ። የእሱ ክርስትና አባት ምኒልክ ሲሆኑ ኃይለ ማርያም ተባለ።

ሁሉም አልተቀበለም። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር እምቢ አሉና ቃሉ በተባለው የወሎ አካባቢ ለአመፅ ተነሡ። የተሰደደ ተሰደደ። ብዙው ሰው ደግሞ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። ወሎ ውስጥ ዛሬ ባንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት የሚኖረው በፍቅር ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ፍቅሩ እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ኖሬበታለሁ። ግን ከፍቅሩ ሥር ያለቀሱ ሰዎች እንዳሉ መርሳት ልክ አይመስለኝም። አያቴ ይህንን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ተቀይመው አይደለም። የሟች ወሬ እንደሚወራው ነበር የሚያወሩት።

ራስ ሚካኤል ከዚያ በኋላ ትልቅ ሰው ሆኑ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። በ1888 ዓ.ም. የወሎን ጦር ይዘው አድዋ ዘመቱ። ደሴን ዋና ከተማቸው አደረጉ። አይጠየፍ አዳራሽን ሠሩ። ስሙን ልብ በሉልኝ። አይጠየፍ። ማንንም አይጠየፍ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉም ገብቶ ይበላል ማለት ነው። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆኑ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ደግሞ የምኒልክን ቦታ ወረሰ።

በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረደ። ከቀረቡበት ክሶች ትልቁ «ሰልሟል» የሚል ነበር። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ቦሩ ሜዳ ትዝ ይለኛል። አባትዮው ስማቸውን ሜዳ ላይ ጥለውት ሄደዋል። 38 ዓመት አልፏል። ስሙ ግን ተነሥቶ ተከተላቸው። ልጃቸው ዙፋን ላይ ደረሰበት። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ወረዱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ተማረኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ በግዞት እንዳሉ አረፉ።

ፓኪስታንን የመሠረተው ሙሐመድ አሊ ጂናህም ሞክሼዬ ነው። ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 አገሩን መሠረተ፣ በዓመቱ ሞተ። ስለ እሱ ብዙ አላወራም። አንድ ነገሩ ግን ደስ ይለኛል። ጂናህ የሚለው የአባቱ ስም ነው። አባቱ ጂናህባይ ይባሉ ነበር። እሱ «ባይ» የምትለውን ቆረጣትና የቀረውን ይዞ ሄደ። እንደኛው የአባቱን ስም ከኋላው አስከትሎ የኖረ ሰው ነው።

አሁን አባቴ ወደሚወደው ሙሐመድ አሊ፣ ወደ ቦክሰኛው ልምጣ።

አባቴ አሊ ልብስ ሰፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1974 ሙሐመድ አሊ እና ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ ላይ ሲገጥሙ አባቴ የ19 ዓመት ጎረምሳ ነው። ወሎ ከዚያ አስከፊ ረሃብ ገና አላገገመችም። ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም። ሰው ሁሉ ራዲዮ ላይ ተደፍቶ ነው የሚውለው። አባቴ ከአብዮቱ ወሬ መሃል የሰማው ይህንን ነበር። ሁሉም ይሸነፋል ያሉት ሰውዬ ገመዱን ተደግፎ ዱላውን ሲቀበል ቆይቶ፣ ባለ ጋራው ሲደክም፣ በስምንተኛው ዙር ጣለው። ሕዝቡ «አሊ!» እያለ ይጮሃል። አባቴ ስሙ አሊ ነው። ያኔውኑ ቃል ገባ። «ወንድ ልጅ ከወለድኩ ሙሐመድ እለዋለሁ። ሙሐመድ አሊ ይሆናል።»

አያቴ ይህንን አያውቁም። እሳቸው ለነቢዩ ክብር፣ በዚያውም ለራሳቸው ስም መታሰቢያ የወጣ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሞቱ። አባቴም ያንን ደስታ አልነካባቸውም። እኔም ሦስቱንም ይዤ ነው የምሄደው። የነቢዩን፣ የአያቴን፣ የቦክሰኛውን።

አባቴ ስለ ቦክሰኛው የማያውቀው ነገር አልነበረም። ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት ኦሊምፒክ ያ ልጅ በ18 ዓመቱ የቦክስ ወርቅ እንደወሰደ ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። «ባንድ ሳምንት ውስጥ!» ይላል። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ችቦውን ይዞ እጁ እየተንቀጠቀጠ እሳቱን ሲለኩስ ጎረቤት ቤት ቁጭ ብለን አየን። አባቴ አለቀሰ። ከቀናት በኋላ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ስታሸንፍ ደግሞ በደስታ አለቀሰ። ያ ክረምት በቤታችን የእንባ ክረምት ነበር።

አንድ ነገር ግን አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ከመጽሔት ላይ አንብቤ። ቦክሰኛው ካሲየስ ክሌይ የተባለ የትውልድ ስሙን መቀየሩን ሁሉም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሰኒ ሊስተንን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፣ ወዲያው ሙስሊም መሆኑን አሳወቀ፣ ስሙን ሙሐመድ አሊ አለ። ካሲየስ ክሌይ የባሪያ ስም ነው፣ እኔ አልመረጥኩትም አለ። አባቴ ያላወቀው ካሲየስ ክሌይ የአባትዬው ሙሉ ስም መሆኑን ነው። አባትም ካሲየስ ማርሴለስ ክሌይ፣ ልጅም ካሲየስ ማርሴለስ ክሌይ።

አባቴ ሲንጀሯን እየረገጠ ነበር። እግሩን አቆመ።

«የአባቱን ስም ነው የጣለው?»

«አዎ።»

«አባትየው በሕይወት አለ ያኔ?»

«አለ።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«አልወደደውም አሉ።»

ክሩን በጥርሱ በጠሰና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ባሪያ አሳዳሪ በሰጠው ስም መጠራት ከባድ ነው» አለ። ሞተሩን እንደገና መርገጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ግን ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «የአባት ስም መጣልም ከባድ ነው» አለ።

ነገሩ እንዲያውም ከዚህ ይወሳሰባል። ያንን ስም መጀመሪያ የተሸከመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የኬንታኪ ነጭ ነበር። ባርነት ይቁም ብሎ የታገለ ሰው። የጥቁሩ ቤተሰብ ስሙን ያወጣው ለእሱ ክብር ነው። ማለትም በክፋት የወጣ ስም አልነበረም። ቢሆንም ቦክሰኛው ራሱ የመረጠውን ፈለገ፣ ለመረጠውም ዋጋ ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ተጋጣሚው ኧርኒ ቴሬል አሻፈረኝ ብሎ «ክሌይ» እያለ ሲጠራው ሪንግ ውስጥ እየመታው «ስሜ ማነው?» እያለ ጠየቀው። በዚያው ዓመት ለቬትናም አልዘምትም በማለቱ ክብሩን ገፈፉት። ከሦስት ዓመት በላይ ከቦክስ ታገደ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ሉዊቪል የተወለደ፣ ሙሐመድ አሊ ተብሎ ዘውዱን ያጣ። አንዱ ወሎ የተወለደ፣ ሙሐመድ አሊ መባሉን ትቶ ዘውድ ያገኘ። መካከላቸው 86 ዓመት አለ። ማንኛቸውንም በሌላኛው ለመውቀስ አይደለም የማነሣው። አንዱ ስሙን ሲመርጥ ደጁ ላይ የንጉሠ ነገሥት ጦር አልቆመም። አንዱ ቆሞበታል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። የእነዚያን ሁሉ ሙሐመድ አሊዎች አባቶች ቁጠሩ። የግብፁ ፓሻ አባት ኢብራሂም ነው። የጂናህ አባት ጂናህባይ ነው። የቦክሰኛው አባት ካሲየስ ነው። ለእነሱ «ሙሐመድ አሊ» አንድ ስም ነው፣ የአንድ ሰው። ወሎ ውስጥ ግን ሁለት ሰው ነው። ሙሐመድ፣ የአሊ ልጅ። ከመካከላቸው አባቱ በእውነት አሊ የሆነው የወረ ሂማኖው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ቦሩ ሜዳ ላይ የሆነው ነገር ግማሽ ሆኖ የቀረው። ጠበሉ ሙሐመድን ሚካኤል አደረገው። አሊን ግን አልነካውም። አሊ በቦታው ቆየ። ዛሬ ደሴ ላይ ማንንም ጠይቁ፣ የአይጠየፍን አዳራሽ ማን ሠራው ብላችሁ። «ንጉሥ ሚካኤል አሊ» ይሏችኋል። ኢማሙ አባቱ ከራስነቱም ከንጉሥነቱም ጎን ቆሞ እስካሁን ይጠራል። የወሎን ሰው ስም መቀየር ትችላለህ። የአባቱን ስም ግን ከየት ታገኘዋለህ? እሱ ሌላ ሰው ነው። የለም እዚያ።

ጽሕፈት ቤቴ ቁጭ ብዬ ይህንን በየቀኑ አያለሁ። ሙሐመድ ገብረ ማርያም የሚባል ሰው ይመጣል። ማርያም አሊ ትመጣለች። ከሌላ አገር የመጣ ሠራተኛ ቢያነበው የጽሕፈት ስህተት ይመስለዋል። እኔ አጥርቼ እተይባለሁ። ያ ስም የአንድ ቤት ታሪክ ነው፣ አንድም ፊደል አላስቀርበትም።

አባቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ሰሞን በጣም የከበደኝ ለቅሶው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሠራተኛዋ በማይክራፎን «ሙሐመድ አሊ!» ብላ ስትጠራ ነው። አባቴ ተጠራ። እግሬ አልነሣ አለኝ። ሌላ ሙሐመድ አሊ ተነሥቶ በእኔ ወረፋ ገባ። አልተከራከርኩትም። አባቱ ይኑር ይሙት አላውቅም፣ እሱም አሊ ነው።

እማማ ከዚያ ምሽት በኋላ አልተዉኝም። በኢድ ይደውላሉ። በረመዳን ይደውላሉ። «ሞክሼው፣ ደህና ነህ?» ነው ሰላምታቸው። ባለፈው ወር ደግሞ በአካል መጡ። ልጃቸውን ይዘው። ቀጠን ያለ ረጅም ልጅ ነው። እጄን ሲጨብጠኝ ሁለታችንም እኩል «ሞክሼ!» አልን። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

ጉዳያቸው ያው የማውቀው ጉዳይ ነበር። የትምህርት ማስረጃው ላይ «መሀመድ»፣ መታወቂያው ላይ «ሙሐመድ» ይላል። ሥራ ሊቀጠር ነው፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ይህንን ማመልከቻ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። «ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ስሞች የእኔ የአንድ ሰው መጠሪያዎች መሆናቸውን...» ጣቴ ብቻውን ነው የሚተይበው። የአመልካች ስም የሚለው ጋ ስደርስ ግን ቀስ አልኩ። ሙ፣ ሐ፣ መ፣ ድ። ሐመሩን ሐ ነው የምትጠቀመው ወይስ ሃሌታውን ሀ? ብዬ ጠየቅኩት። «አንተ በየትኛው ነው የምትጽፈው?» አለኝ። «በሐመሩ» አልኩት። «እኔም በእሱ ይሁን» አለ።

አትሜ ሰጠሁት፣ ፈረመ። ብር አልቀበልም ብልም እማማ እምቢ አሉ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሬን መታ። ስሜ መጣለት። የራሱ ስም ነው። ማያ ገጹን ለእናቱ አሳያቸውና ላከው።

እማማ ወደ እሱም ወደ እኔም እያዩ፣ «አሁንስ ለማን ገባ?» አሉ።

«ለሙሐመድ አሊ» አልን፣ ሁለታችንም።